ለአንድ ትሬድ ብቻ ሲግናል መላክ፦ ፕሮግራሙ እንዳለ ለምን ወደቀ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዘዞ በሚገኝ አንድ የሰሊጥ መጋዘን ሚዛኖችን የሚያነብ ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፌ ሊኑክስ ላይ አስኬዳለሁ። ለእያንዳንዱ ሚዛን አንድ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሮጥ የሥራ መስመር) አለ፤ ትሬዱ ከሚዛኑ ጋር በቲሲፒ (በኔትወርክ ግንኙነት ደንብ) ይገናኝና ሪድ በተባለው የማንበቢያ ጥሪ ላይ ሆኖ ክብደት ይጠብቃል። ኮምፒውተሩ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ሚዛኖቹ ግን ይጠፋሉ። መብራት ሲመለስ አንዳንዱ ትሬድ እንደደነዘዘ ይቀራል። ቶፕ በተባለው መከታተያ የዚያን ትሬድ ቁጥር አይቼ፣ ኪል በተባለው ትእዛዝ ሲግ-ተርም የተባለውን «አብቃ» የሚል ሲግናል ላክሁበት። እሱ ብቻ ይቆማል ስል ፕሮግራሙ እንዳለ ወደቀ፤ የሌሎቹም ሚዛኖች ንባብ ተቋረጠ። ለአንድ ትሬድ ብቻ ሲግናል መላክ አይቻልም ማለት ነው?»

እህቴ፣ ይቻላል። ነገር ግን በጥያቄሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደርቧል፤ ሲግናሉ ለማን ይድረስ የሚለውና ሲደርስ ምን ይሁን የሚለው። የመጀመሪያውን ለአንድ ትሬድ ለይተሽ መወሰን ትችያለሽ። ሁለተኛው ግን ምንጊዜም የፕሮሰሱ፣ ማለትም እየሮጠ ያለው ፕሮግራም ከነትሬዶቹ፣ የጋራ ጉዳይ ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር ሌት ተቀን ሳያቋርጡ መሥራት ያለባቸውን ፕሮግራሞች ስለምጠግን፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ምን እንደሚበላሽ በቅርብ አውቀዋለሁ። ክብደቱ ሳይመዘገብ ቢቀር የሚጎዳው ሰሊጡን ከመተማ ድረስ ጭኖ ያመጣው ሰው ነውና ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የሆነውን እንይ። በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም በስርዓቱ እምብርት፣ ውስጥ እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ቁጥር አለው። ፕሮሰሱ የሚጠራበት ቁጥር የመጀመሪያው ትሬድ ቁጥር ነው። ቶፕን ትሬዶችን ለይቶ እንዲያሳይ ስታዢው የምታዪው እነዚህን ቁጥሮች ነው። ኪል ግን የተሠራው ለፕሮሰስ ነው። የአንዱን ትሬድ ቁጥር ብትሰጪው «እንዲህ ያለ ፕሮሰስ የለም» ብሎ አይመልስሽም፤ ከርነሉ ትሬዱን ያገኘዋል፣ የየትኛው ፕሮሰስ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያም ሲግናሉን በዚያ ፕሮሰስ የጋራ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ስሕተት ሳይል ዝም ብሎ ስለሚቀበልሽ ትክክለኛ ቦታ የላክሽ ይመስልሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ፕሮግራምሽ ለሲግ-ተርም የተዘጋጀ ሃንድለር (ሲግናል ሲደርስ የሚሮጥ ተግባር) ስላልነበረው ነባሪው እርምጃ ተወሰደ። የሲግ-ተርም ነባሪ እርምጃ ፕሮሰሱን ከነትሬዶቹ ማብቃት ነው። ይህን አጥብቀሽ ያዢልኝ፤ ሲግናሉ በትክክል ለዚያ ለደነዘዘው ትሬድ ብቻ ቢደርስ ኖሮም ውጤቱ አንድ ነበር። ፒትሬድ-ኪል በሚባለው ተግባር ለአንድ ትሬድ ሲግ-ኪል ብትልኪ ፕሮሰሱ በሙሉ ይሞታል። ሲግ-ስቶፕ ብትልኪ ፕሮሰሱ በሙሉ ይቆማል። አንድን ትሬድ ብቻ ነጥሎ የሚገድል ሲግናል በዩኒክስ ቤተሰብ ውስጥ የለም፤ ባይኖርም ደግ ነው። ትሬዱ የጋራ ቁልፍ (ሌሎች ትሬዶች እንዳይገቡ የሚያግድ ሎክ) እንደያዘ ቢሞት ቁልፉን የሚፈታው አይኖርም፤ ሌሎቹ ትሬዶች እሱን ሲጠብቁ ይቀራሉ። ማለክ በተባለው ማህደረ ትውስታ መጠየቂያ ተግባር ውስጥ እያለ ቢሞት ደግሞ የፕሮግራሙ ማህደረ ትውስታ አያያዝ እንዳለ ይቃወሳል።

«በኪል የትሬዱን ቁጥር ስጪው» የሚለው ምክር ከየት መጣ ብትዪ መሠረት አለው። ሊኑክስ እስከ 2003 ገደማ ይጠቀምበት የነበረው ሊኑክስ-ትሬድስ የተባለ ላይብረሪ እያንዳንዱን ትሬድ እንደ ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ያየው ነበር። የፕሮሰሱን ቁጥር የሚመልሰው ጌት-ፒአይዲ እንኳ በየትሬዱ የተለያየ ቁጥር ይመልስ ነበር፤ ወደ አንዱ ቁጥር የተላከ ሲግናልም የሚደርሰው ለዚያው ትሬድ ነበር። ይህ ፖዚክስ ከተባለው የዩኒክስ የጋራ ደንብ ጋር አይገጥምም። በ2003 አዲሱ የትሬድ ላይብረሪ ኤንፒቲኤል ሲመጣና የ2.6 ከርነል ሲደግፈው ነገሩ ተስተካከለ፤ ምክሩ ግን በየቦታው ተጽፎ ቀረ።

አሁን ክፍፍሉን ልንገርሽ፤ ይህን ከያዝሽ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ሲግናል ሲመጣ ምን ይደረግ የሚለው ውሳኔ፣ ማለትም ሃንድለሩ፣ ችላ ማለቱ ወይም ነባሪው እርምጃ፣ ለፕሮሰሱ አንድ ነው። አንዱ ትሬድ ሲግአክሽን በተባለው ተግባር ቢቀይረው ለሁሉም ይቀየራል። ማስኩ ግን፣ ማለትም የትኞቹ ሲግናሎች ለጊዜው ይታገዱ የሚለው ዝርዝር፣ የየትሬዱ የግል ነው፤ የሚቀየረውም በፒትሬድ-ሲግማስክ ነው። ደርሰው ገና ያልተነሡ ሲግናሎች ደግሞ በሁለት ቦታ ይጠብቃሉ፤ አንዱ የፕሮሰሱ የጋራ መዝገብ ነው፣ ሌላው የየትሬዱ መዝገብ። በኪል የተላከ በጋራው ይሰፍራል፣ በፒትሬድ-ኪል የተላከ በትሬዱ።

ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ አስቢ። የግቢውን በር ስታንኳኪ ጆሮው ያልተደፈነ ማንም ተከራይ ወጥቶ ይከፍታል፤ የአንዱን ክፍል በር ካንኳኳሽ ግን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። የግቢው ደንብ ግን ለሁሉም አንድ ነው። የጋራውን ሲግናል ማን እንደሚያነሣው ፖዚክስ አይወስንም፤ ካላገዱት አንዱ ይሁን ይላል እንጂ። ሊኑክስ ለፕሮሰሱ የተላከውን አብዛኛውን ጊዜ ለዋናው ትሬድ ይሰጣል፤ በዚህ ላይ ተማምነሽ ግን ኮድ አትጻፊ።

አዲስ ትሬድ ሲፈጠር የፈጣሪውን ማስክ ይወርሳል። ይህች ትንሽ የምትመስል ደንብ ትልቅ መሣሪያ ናት፤ ወደ መጨረሻው እመለስባታለሁ።

አንዳንድ ሲግናሎች ከተፈጥሯቸው ለአንድ ትሬድ የሚሄዱ ናቸው። የማህደረ ትውስታ፣ የስሌትና የትእዛዝ ስሕተትን የሚያሳውቁት ሲግ-ሴግቪ፣ ሲግ-ኤፍፒኢ፣ ሲግ-ባስና ሲግ-ኢል ስሕተቱን ለሠራው ትሬድ ይደርሳሉ። ሲግ-ፓይፕም እንዲሁ ነው፤ የሚደርሰው በተዘጋ ሶኬት (የመብራቱ ሳይሆን የኔትወርክ ግንኙነቱ ጫፍ) ላይ ለጻፈው ትሬድ ነው፤ ነባሪ እርምጃው ግን ፕሮሰሱን ይገድላል። አንቺ ለሚዛን ትእዛዝ የምትጽፊ ከሆነ ይህ አንድ ቀን ይጥልሻል። ፕሮግራሙ ሲነሣ ሲግ-ፓይፕን ችላ እንዲል አድርጊ፤ ከዚያ በኋላ የመጻፊያው ጥሪ ራይት ኢ-ፓይፕ የሚል ስሕተት ይመልስልሻል፣ አንቺም ግንኙነቱን እንደ ተቋረጠ ታስተናግጂዋለሽ።

አሁን ወደ ፍላጎትሽ። የምትፈልጊው ትሬዱ እንዲሞት አይመስለኝም፤ ከሪድ ተነሥቶ ሶኬቱን ዘግቶ እንደገና እንዲገናኝ ነው። ለዚህ ሲግናል ይሠራል። ሲግ-ዩኤስአር-1ን ምረጪ፤ ምንም የማይሠራ ባዶ ሃንድለር በሲግአክሽን መዝግቢለት። ከዚያ ፕሮግራሙ ውስጥ ካለ ሌላ ትሬድ ፒትሬድ-ኪልን ጥሪ፤ የምትሰጪው የትሬዱን ፒትሬድ መለያና ሲግ-ዩኤስአር-1ን ነው። ከርነሉ ሲግናሉን በዚያ ትሬድ መዝገብ ላይ ያሰፍርና ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፤ ባዶው ሃንድለር በዚያው ትሬድ ላይ ይሮጣል፤ ሪድም −1 መልሶ ኤርኖን (የስሕተት ቁጥር መያዣውን) ኢ-ኢንተር፣ ማለትም «በሲግናል ተቋረጠ»፣ ያደርጋል። ትሬዱ ኢ-ኢንተር ሲያይ ላኪው ትሬድ አስቀድሞ የሚያነሣውን ባንዲራ (ምልክት የሚይዝ ተለዋዋጭ) ይመለከታል፤ «እንደገና ተገናኝ» የሚል ከሆነ ሶኬቱን ይዘጋል። ሌሎቹ ትሬዶች ነገሩን አያውቁትም፤ ንባባቸውን ይቀጥላሉ።

ሃንድለሩ ባዶ ከሆነ ለምን ያስፈልጋል? ካልመዘገብሽው ነባሪው እርምጃ ይወሰዳል፣ የሲግ-ዩኤስአር-1 ነባሪ እርምጃም ፕሮሰሱን መግደል ነው። ችላ በይው ብትዪ ደግሞ ሲግናሉ ይጣላል፣ ሪድም አይነሣም። ስለዚህ ባዶውም ቢሆን ሥራ አለው።

እዚህ ላይ በጣም የሚያደናግር ነገር አለ። ሃንድለሩን ሲግናል በሚባለው የቆየ ተግባር ከመዘገብሽው፣ ጂሊቢሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ራሱ ኤስኤ-ሪስታርት የሚለውን ምልክት ይጨምርበታል። ያ ምልክት ካለ ከርነሉ ሃንድለሩን አስኪዶ ሪድን ራሱ እንደገና ያስጀምረዋል፤ ትሬድሽ ኢ-ኢንተርን አያይም፣ ተመልሶ ይተኛል። ሰው «ሲግናሉ አልደረሰም» ብሎ ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል፤ ሲግናሉ ግን ደርሶ ነበር። ስለዚህ ሲግአክሽንን ተጠቀሚ፣ ምልክቶቹንም ባዶ አድርጊ። ብዙ ግንኙነቶችን አንድ ላይ የሚጠብቁት ጥሪዎች ፖል፣ ሰሌክትና ኢፖል-ዌይት ኤስኤ-ሪስታርት ቢኖርም ባይኖርም ኢ-ኢንተር ይመልሳሉ፤ ሪድ ግን ተራ ሶኬት ላይ ሲሆን ምልክቱን ይታዘዛል።

ሃንድለሩ ውስጥ ሥራ ለመሥራት ከፈለግሽ እጅግ ጠንቀቅ በይ። ሃንድለር ትሬዱ ምንም እየሠራ ባለበት መካከል ይገባል፤ ማለክ ቁልፍ ይዞ ሳለ ሊሆን ይችላል። ፕሪንትኤፍ፣ ማለክ፣ ፒትሬድ-ሚውቴክስ-ሎክ በሃንድለር ውስጥ የተፈቀዱ አይደሉም። ራይትና ሴም-ፖስት የተፈቀዱ ናቸው። ራይት ስትጠሪ ደግሞ መጀመሪያ ኤርኖን በተለዋዋጭ ያዢው፣ ስትወጪ መልሺው፤ ያለዚያ ያቋረጥሽው ኮድ የሌላ ሰው ስሕተት ያነባል። እኔ ግን ባዶ ይሁን እላለሁ።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ሲሞከር ይሠራል። ሲሞከር ብቻ ግን። በእውነተኛ ሥራ ላይ በሳምንት አንድ ቀን የሚያሰናክልሽ ክፍተት አለበት፤ ከዚህ በታች ያለውን ሳታነቢ ኮዱን መጋዘን ውስጥ አታስገቢ።

ትሬዱ በተራ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ ባንዲራውን ያያል፣ ባንዲራው ካልተነሣ ሪድን ይጠራል። ተቆጣጣሪው ትሬድ፣ ማለትም ሲግናሉን የሚልከው፣ ደግሞ ባንዲራውን ያነሣል፣ ፒትሬድ-ኪል ይልካል። አሁን ቅደም ተከተሉን ተመልከቺ። ትሬዱ ባንዲራውን አየ፤ አልተነሣም። ሪድ ውስጥ ገና አልገባም። በዚያች ቅጽበት ተቆጣጣሪው ባንዲራውን አነሣና ሲግናሉን ላከ። ባዶው ሃንድለር ሮጠ፣ ጨረሰ። የሚያቋርጠው ሪድ ግን አልነበረም። ትሬዱ ከሃንድለሩ ሲመለስ የቆመበት ቦታ ባንዲራውን ካየ በኋላ ነው፤ ቀጥሎ ሪድን ይጠራና ይተኛል። ሲግናሉ ባክኗል፣ ባንዲራው ተነሥቷል፣ የሚያየው ግን የለም። ክፍተቱ ከማይክሮ ሰከንድ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ቀንና ሌሊት በሚሠራ ፕሮግራም ላይ ግን ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበትና ትሬዱ ልክ እዚያች ቦታ ላይ ተራውን ሲያጣ ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ባንዲራውን ቮላታይል ወይም አቶሚክ ማድረግ ይህን አይፈታም፤ ችግሩ የባንዲራው አጻጻፍ ሳይሆን በማየትና በመተኛት መካከል ያለው ቦታ ነው።

አንዳንዱ ተቆጣጣሪው ትሬዱ «ሰምቻለሁ» እስኪል ድረስ በየጥቂት ሚሊ ሰከንዱ ሲግናሉን ደጋግሞ እንዲልክ ያደርጋል። አያምርም እንጂ ይሠራል፤ የማትቀይሪው የሌላ ሰው ላይብረሪ ውስጥ ትሬዱ ከተኛ ሌላ ምርጫ ላይኖርሽም ይችላል።

ትክክለኛው የሲግናል መፍትሔ ግን ፒፖል፣ ማለትም ማስክ የሚቀበል ፖል፣ ነው። ትሬዱ ሥራውን ሲጀምር ሲግ-ዩኤስአር-1ን በፒትሬድ-ሲግማስክ ያግደው። ከዚያ ባንዲራውን ይይ፤ በዚህ ጊዜ ሲግናል ቢመጣ በትሬዱ መዝገብ ላይ ይጠብቃል እንጂ አይባክንም። ቀጥሎ ፒፖልን ይጥራ፤ ለፒፖል የሚሰጠው ማስክ ሲግ-ዩኤስአር-1 የተከፈተበት ይሁን። ከርነሉ ማስኩን መለወጡንና መጠበቁን በመካከላቸው ክፍተት ሳይተው አንድ ላይ ይፈጽመዋል። ቀደም ብሎ የመጣ ሲግናል ካለ ፒፖል ወዲያው ኢ-ኢንተር ብሎ ይመለሳል። ፒፖል «የሚነበብ አለ» ሲል ብቻ ሪድን ትጠሪያለሽ፤ ሶኬቱን ደግሞ የማያስጠብቅ አድርጊው፣ ምክንያቱም ፖል የሚነበብ አለ ካለ በኋላ ሪድ ባዶ የሚያገኝበት አጋጣሚ አለ።

ይህን ሁሉ ከነገርሁሽ በኋላ የራሴን ምርጫ ብትጠይቂኝ፣ አንቺ ላለሽበት ሁኔታ ሲግናልን ጭራሽ አልጠቀምም ነበር። ሊኑክስ ከ2.6.22 ጀምሮ ኢቨንት-ኤፍዲ አለው፤ በውስጡ ባለ 64 ቢት ቆጣሪ ያለበት ፋይል ዲስክሪፕተር (ፕሮግራሙ ፋይልን ወይም ሶኬትን የሚጠራበት ቁጥር) ነው። ለእያንዳንዱ የሚዛን ትሬድ አንድ አንድ ፍጠሪ። ትሬዱ በፖል ሁለቱን ይጠብቅ፤ የሚዛኑን ሶኬትና የራሱን ኢቨንት-ኤፍዲ። አንዱን ትሬድ መቀስቀስ ስትፈልጊ በእሱ ኢቨንት-ኤፍዲ ላይ የ1 ዋጋ ያላቸውን 8 ባይቶች ትጽፊያለሽ። ትሬዱ ገና ፖል ውስጥ ባይገባም ቆጣሪው እንደተጻፈበት ይቆያል፤ ሲገባ ያገኘዋል። የሚባክን ነገር የለም፤ ሃንድለር የለም፣ ማስክ የለም፣ ኢ-ኢንተርም እንግዳ ሆኖ አይመጣም። ፕሮግራሙ ማክ ላይም እንዲሠራ ከፈለግሽ ኢቨንት-ኤፍዲ እዚያ የለም፤ ተራ ፓይፕ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ትሬድን የሚሰርዘውን ፒትሬድ-ካንስልን ልታስቢ ትችያለሽ። ሪድ ትሬድ ሊሰረዝ ከሚችልባቸው ቦታዎች አንዱ ስለሆነ ያነሣዋል፤ ነገር ግን ትሬዱ ያበቃል፣ የያዛቸውን ቁልፎችና ሶኬቶች የሚያጸዳ ኮድም በየቦታው መመዝገብ ይኖርብሻል። እኔ አልመክረውም።

ሲግናሉን የምትመርጪ ከሆነ የትሬዱን ዕድሜ ጠብቂ። ፒትሬድ መለያና በቶፕ የምታዪው ቁጥር አንድ አይደሉም፤ ፒትሬድ-ኪል የሚቀበለው የመጀመሪያውን ነው። ትሬዱን እስኪያበቃ በሚጠብቀው ተግባር በፒትሬድ-ጆይን ከተቀበልሽው በኋላ መለያው ሞቷል፤ በሞተ መለያ ፒትሬድ-ኪል መጥራት ምን እንደሚያመጣ ደንቡ አይገልጽም፣ ፕሮግራሙ ሊወድቅም ይችላል። ተቆጣጣሪው ሲልክና ሌላው ጆይን ሲያደርግ እንዳይጋጩ በአንድ ቁልፍ ጠብቂያቸው። ከፒትሬድ-ኪል በታች ሊኑክስ የሚጠቀመው ቲጂ-ኪል የተባለውን የከርነል ጥሪ ነው፤ ይህ የፕሮሰሱንም የትሬዱንም ቁጥር አብሮ ይጠይቃል። ትሬዱ ሞቶ ቁጥሩ ለሌላ ፕሮሰስ ትሬድ ቢሰጥ ሲግናሉ ባዕድ ቤት እንዳይገባ ነው። ጂሊቢሲ ለቲጂ-ኪል ቀጥተኛ መጠሪያ የሰጠው በ2.30 እትሙ በ2019 ነው። ከፕሮግራሙ ውጪ ሆነሽ ለአንድ ትሬድ መላክ ከፈለግሽም በቲጂ-ኪል ይቻላል፤ በ2024 የወጣው ሊኑክስ 6.9 ደግሞ ፕሮሰስን በሚወክል ፋይል ዲስክሪፕተር፣ በፒአይዲ-ኤፍዲ፣ በኩል ትሬድን ለይቶ መላክን ጨምሯል።

የሲግናል ምርጫ ላይ ብዙ አልቆይም። 32ና 33ን አትንኪ፤ ጂሊቢሲ ለራሱ ይዟቸዋል፣ የሪልታይም ሲግናሎች መነሻ የሆነው ሲግ-አርቲ-ሚንም ለፕሮግራምሽ ከ34 የሚጀምረው ለዚህ ነው። ተራ ሲግናሎች አይደረደሩም፤ ሲግ-ዩኤስአር-1 ሳይነሣ ሦስት ጊዜ ብትልኪ የሚደርሰው አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ በሲግናል ነገር አትቁጠሪበት። በፓይተን ለምትጽፉ ደግሞ፦ ከ3.5 ጀምሮ ፓይተን በኢ-ኢንተር የተቋረጠውን ጥሪ ራሱ ይደግመዋል፣ የፓይተን ሃንድለርም የሚሮጠው በዋናው ትሬድ ላይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ ሌላ ትሬድን ከሪድ አያስነሣላችሁም።

አሁን ዋናውን በሽታ እንንካ፤ እስካሁን ያወራነው ስለ መቀስቀሻው ነው። ትሬድሽ ለምን ደነዘዘ? ሚዛኑ በደንብ ሲዘጋ ለኮምፒውተሩ የቲሲፒ መሰናበቻ ይልካል፣ ሪድም 0 ይመልሳል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ሚዛኑ የሚልከው ነገር የለም። ኮምፒውተርሽ በባትሪ ነቅቶ ስላለ ግንኙነቱ አሁንም ያለ ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ ታነቢያለሽ እንጂ አትጽፊም፤ ምንም ፓኬት ካልተላከ ወዲያኛው ወገን መሞቱን የሚያሳውቅ ምንም ነገር አይኖርም። ሚዛኑ ተነሥቶ አዲስ ሕይወት ቢጀምርም የቆየውን ግንኙነት አያስታውሰውም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሪድ ለዘላለም ሊቆይ ይችላል፤ የሊኑክስ ጥፋትም የትሬዱ ጥፋትም አይደለም፣ ቲሲፒ እንዲህ ሆኖ ነው የተሠራው።

መድኃኒቱ ኪፕ-አላይቭ ነው፤ ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት እንዳለ ከርነሉ ራሱ እየላከ የሚጠይቅበት ዘዴ። በነባሪው ሁኔታ ሶኬት ላይ አይበራም፤ አንቺ በሴት-ሶክ-ኦፕት ማብራት አለብሽ። ማብራቱም ብቻውን አይበቃም፤ ሊኑክስ በነባሪው ግንኙነቱ ዝም ካለ ከ7200 ሰከንድ በኋላ ነው መጠየቅ የሚጀምረው፣ ከዚያ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። ሁለት ሰዓት ከ11 ደቂቃ ማለት ነው። እስከዚያ መኪናው አራግፎ ሄዷል። ስለዚህ በዚያው ሶኬት ላይ ቁጥሮቹን ዝቅ አድርጊ፤ ለምሳሌ 15 ሰከንድ ዝምታ፣ በየ5 ሰከንዱ ጥያቄ፣ 3 ሙከራ ብትዪ ሚዛኑ እንደጠፋ ከቀረ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ላይ ሪድ ኢ-ታይምድ-አውት (ጊዜው አለፈ) የሚል ስሕተት ይመልሳል። ሚዛኑ ቀድሞ ከተነሣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲደርሰው «ይህን ግንኙነት አላውቀውም» የሚል መልስ ይልካል፣ ሪድም ወዲያው ኢ-ኮን-ሪሴት (ግንኙነቱ ፈረሰ) ይላል። በሁለቱም መንገድ ትሬዱ ማንም ሳይቀሰቅሰው ራሱ ይነሣል።

በሪድ ላይ የጊዜ ገደብ ማድረግስ? ይቻላል፣ ግን ለሚዛን አይስማማም። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ሚዛኑ ሰዓት ሙሉ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሕመም አይደለም። ኪፕ-አላይቭ የሚጠይቀው የሚዛኑን ሕይወት እንጂ ሥራ መኖሩን ስላልሆነ ይሻላል። ትእዛዝ የምትልኪለት ሚዛን ከሆነ፣ ያልተመለሰለት ፓኬት ሲደጋገም ከርነሉ በመጨረሻ ተስፋ ይቆርጣል፤ በነባሪው ግን ይህ ከ15 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ስለዚህ የምትሠሪበት ቅደም ተከተል ለእኔ እንዲህ ነው። ዛሬውኑ ኪፕ-አላይቩን አስገቢ፤ አብዛኛው ችግርሽ በዚያ ያልፋል። ከዚያ ኢቨንት-ኤፍዲና ፖልን ጨምሪ፤ «3ኛውን ሚዛን እንደገና አገናኝ» የሚል መጫኛ ቁልፍ ለመጋዘኑ ሠራተኛ ለመስጠት ያገለግልሻል። ሲግናልን ፕሮግራሙን በሙሉ ለመዝጋት ብቻ ተዪው።

መዝጋቱንም በሥርዓት ለማድረግ ያ ቀደም ያልሁሽ የማስክ ውርስ ይረዳሻል። ሜይን (ፕሮግራሙ የሚጀምርበት ተግባር) ውስጥ ምንም ትሬድ ሳትፈጥሪ በፊት ሲግ-ተርምንና ሲግ-ኢንትን አግጃቸው፤ የሚፈጠሩት ትሬዶች ሁሉ ያንን ማስክ ይወርሳሉ። ከዚያ አንድ ትሬድ በሲግዌይት እነዚህን ብቻ ይጠብቅ። ሲግናሉ ሲመጣ የሚያነሣው እሱ ብቻ ነው፣ ያውም በተራ ኮድ ውስጥ እንጂ በሃንድለር አይደለም፤ ስለዚህ ቁልፍ መያዝም መዝገብ መጻፍም ይችላል። ለየትሬዱ ኢቨንት-ኤፍዲ ይጽፋል፣ ሁሉም የጀመረውን ክብደት መዝግቦ ይወጣል፣ ሜይን ጆይን ያደርጋል። በሲስተምዲ (በሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪው) የምታስኬጂው ከሆነ፣ አቁም ሲባል መጀመሪያ ሲግ-ተርም ይልካል፤ በነባሪው በ90 ሰከንድ ውስጥ ካልጨረስሽ ሲግ-ኪል ይከተላል። ፕሮግራሙ ከሲግ-ኪል መከላከያ የለውም፤ ስለዚህ መዝጊያሽ ፈጣን ይሁን።

የሠራሽው በትክክል መሥራቱን በፕሮክ ማውጫ ውስጥ ማየት ትችያለሽ። በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር ታስክ የሚል ማውጫ አለ፤ በውስጡ ለእያንዳንዱ ትሬድ አንድ አንድ። የትሬዱን ስታተስ ፋይል ስትከፍቺ ሲግ-ቢኤልኬ በሚለው መስመር የታገዱት ሲግናሎች በአሥራ ስድስት ቤት (ሄክሳዴሲማል) ቁጥር ይታያሉ። በተለመደው ኢንቴል ኮምፒውተር ላይ ሲግ-ዩኤስአር-1 ቁጥሩ 10 ስለሆነ ብቻውን ከታገደ መስመሩ በ200 ያበቃል፤ ሲግ-ተርም 15 ስለሆነ ብቻውን በ4000። ሲግ-ፒኤንዲ የሚለው መስመር የትሬዱን የግል መዝገብ፣ ኤስኤችዲ-ፒኤንዲ የሚለው የጋራውን ያሳያል። ትሬዱ በምን ጥሪ ላይ እንደተኛ ደግሞ ሲስኮል የሚለው ፋይል በቁጥር ይነግርሻል፤ በ64 ቢቱ ኢንቴል ላይ 0 ከሆነ ሪድ ነው፣ 7 ከሆነ ፖል።

ስትሞክሪው ሚዛኑን በማጥፊያ ቁልፉ አትዝጊው፤ በደንብ ከተዘጋ መሰናበቻ ይልካልና ችግሩ አይታይሽም። መሰኪያውን ከግድግዳው ንቀዪው፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቂ፣ መልሰሽ ሰኪው። ከዚያ በመዝገብሽ ላይ የአንዱ ሚዛን ትሬድ ተቋርጦ ሲገናኝ፣ የሌሎቹ ንባብ ደግሞ አንድም ሳይጎድል ሲቀጥል ማየት አለብሽ።